ስም የሌለው መጠባበቂያ

ሰውየው ንፉግ አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ነገሩን የሰማ ሁሉ ቶሎ ብሎ ንፉግ ይለዋልና። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ቢሮ ውስጥ የግንባታ ዋጋ ሲገምት የኖረ፣ አንድ ግድግዳ ስንት ጡብ እንደሚበላ ቆሞ አይቶ የሚናገር ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «መጠባበቂያ» ነው የሚሉት። ከማንኛውም የዋጋ ግምት ግርጌ አንዲት መስመር ሳይጨምር አይፈርምም፤ «መጠባበቂያ፣ አሥራ አምስት በመቶ» የምትል። ለትልቅ ሕንፃም አሥራ አምስት በመቶ፣ አጥር ለማስቀባትም አሥራ አምስት በመቶ።

ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አይናገርም። በወጣትነቱ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ለአንድ ፎርማን «ይቺ መሠረቱ ሲቆፈር ድንጋይ ቢያጋጥም ናት» ብሎ ነገረው። በሦስተኛው ቀን ፎርማኑ ድንጋይ አገኘሁ ብሎ መጣ። ቦታው በማንኪያ የሚዛቅ ለስላሳ አፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውየው «ስም የወጣለት መጠባበቂያ ዕድሜ የለውም» የሚል የራሱን ሕግ አወጣ። ለምን ነው ብለው ሲጠይቁት «ለማይታወቅ ነገር» ይልና ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ክፋቱ፣ ማታ ኮቱን ሲያወልቅ ይህን የቢሮ ሕግ አብሮ አላወለቀም፤ ቤቱ ይዞት ገባ።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የሆቴል፣ የባንክና የባለጸጋ ቤት መስኮት ስትለካ፣ ስትሰፋና መሰላል ላይ ወጥታ ስትሰቅል ኖራለች። ሰቅላ ስትጨርስ አንዴ ገልጣ አንዴ ዘግታ ትሞክረዋለች፤ ከዚያ መሰላሏን ተሸክማ በጓሮ በር ትወጣለች። አንድ ቀን የአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ መስኮት ልትለካ ሄዳ ወፍራም መጽሔት ይዛ መጣች። ከድንበር ማዶ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ የተተከለ የሳፋሪ ድንኳን ፎቶግራፍ አለበት። ድንኳን ይባል እንጂ የእንጨት ወለል፣ የመታጠቢያ ገንዳና ሁለት ሰው ተንከባሎ የማይገናኝበት አልጋ ያለው ነው። ከአልጋው ፊት ለፊት ነጭ የበፍታ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ባሻገር ወንዝ ይታያል፤ ወንዙ ውስጥ ዝሆኖች ቆመዋል።

«እየው፣ ጠርዙ ተንጋዷል» አለችው በጣቷ እያሳየች። «የሰፋው ሰው ጠርዙን ወደ ታች የሚጎትት ማክበጃ አላስገባበትም።»

«ከዚህ ሆነሽ ታየሽ?»

«ደህና አድርጌ የማየው ሄጄ ነው። ሌላ ሰው የሰፋውን መጋረጃ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ገለጥ አድርጌ ዝሆን ማየት ነው የምፈልገው። ርካሹን ድንኳን አልፈልግም፤ ይሄኛውን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ይህ ይደረግልኝ ብላ ምንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት ናት። ስለዚህ በዚያው ቀን ማስመሪያውን አውጥቶ በጀቱን ሠራ። የፓርክ መግቢያ፣ አምስት ሌሊት ድንኳን ከነምግቡ፣ ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳው ድረስ የምታደርስ ትንሽ አውሮፕላን፣ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ከነአስጎብኚው፣ ክትባት፣ ጉርሻ፣ የሩቅ ማሳያ መነጽር ኪራይ። ትንሿ አውሮፕላን ጠንካራ ሻንጣ አትጭንም ስላሉት ለስላሳ ቦርሳ ሁለት ጻፈ። ድምሩ ለሁለት ሰው አራት መቶ ሺህ መጣ። ከግርጌው «መጠባበቂያ፣ ስድሳ ሺህ» ብሎ ጨመረ።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለማይታወቅ ነገር።»

«አንበሳ ቢበላን?»

«ከበላንማ ወጪ የለብንም።»

ተሳሳቁ። በማግስቱ አዲስ የባንክ ደብተር ከፍቶ ሲመጣ ከፊቷ አስቀመጠና «ይቺ ለዝሆን ብቻ ናት፤ ቤት ቢቃጠል አትነካም» አላት። ቀልዱን ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ የቀለደውን እሷ ሕግ አድርጋ ያዘችው።

ስለዚያች ስድሳ ሺህ በልቡ የሚያውቀው ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሙ የሞተው ዘመድ አዝማድ ለሕክምናው ገንዘብ እያዋጣ ሳለ፣ መዋጮው ሳይሞላ ነው። ስድሳው ሺህ ከሁለት አንዳችን ብንታመም የሰው እጅ እንዳናይ ብሎ ያስቀመጠው ነው። ለሚስቱ አልነገራትም። በሽታን በስሙ ከጠሩት ይመጣል ብሎ ፈርቶም ይሆናል፣ የፎርማኑ ድንጋይ ትዝ ብሎትም ይሆናል፤ ብቻ ሆዴ ይፍጀው አለና ተወው።

አራት ዓመት አጠራቀሙ። እሱ አንድ ጫማ ሦስት ጊዜ ሶል አስቀየረ፤ እሷ ቅዳሜና እሑድንም ሰፋች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲላት «ያንተ እንቁላል ዶሮ ሆኖ፣ አርጅቶ፣ ሊሞት ነው» ትለዋለች። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ደብተሩ ላይ አራት መቶ ስድሳ ሺህ ሞላ።

ሰኞ ጠዋት ሊከፍሉ ወደ ጉዞ ወኪሏ ቢሮ ሄዱ። ሚስቱ የክት ልብሷን ለብሳለች። መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እሱ ዝምታዋን ከደስታ ቆጠረው። ወኪሏ ቀልጣፋ ወጣት ናት፤ ከጀርባዋ ሚስቱ የሰፋችው መጋረጃ ተሰቅሏል። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ፊቷ ጠቆር አለ።

«ጋሼ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዋጋ ጨምረዋል። ለሁለታችሁ አራት መቶ አርባ ሺህ ገብቷል።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አውጥቶ የድሮው በጀት ጀርባ ላይ ጫር ጫር አደረገ። የአራት መቶ አርባ ሺህ አሥራ አምስት በመቶው ስድሳ ስድስት ሺህ ነው። «አርባ ስድስት ሺህ ይጎድለናል» አለ።

«ኧረ ምኑ ይጎድላል? እንዲያውም ሃያ ሺህ ይተርፋችኋል።»

«መጠባበቂያው አልሞላም።»

ሚስቱ እጁን ያዘችው። ሰው ፊት እጁን ይዛው አታውቅም። «ዘንድሮ እንሂድ» አለችው ቀስ ብላ።

«ስምንት ወር እኮ ነው። በሚመጣው በጋ እንሄዳለን። ዝሆኑ የት ይሄዳል?»

«እሱስ የትም አይሄድ» አለች።

እጁን ለቀቀችው። ሲወጡ የመጋረጃውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ዳሰስ አድርጋ አለፈች። እሱ አርባ ስድስት ሺህ በስንት ወር እንደሚሞላ በሐሳቡ እያካፈለ ስለነበር ፊቷን አላየም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከሳች። ሥራ በዛብኝ ትላለች። ቀኝ እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሣት ስለተሳናት መሰላል መውጣት ተወች፤ የሰፋችውን የሚሰቅሉላት የየሆቴሉ ሠራተኞች ሆኑ። ምን ሆነሽ ነው ቢላት «እርጅና ነው፤ አሥራ አምስት በመቶ ጨምርበት» ብላ ታስቀዋለች። እሱም ይስቃል። በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ከስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች።

አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሮጣ መጥታ አብረው ሆስፒታል ወሰዷት። ከሰዓታት በኋላ ሐኪሙ ሰውየውን ወደ ኮሪደሩ ጠራው።

«አባቴ፣ ለምን ዘገያችሁ?»

«አልዘገየንም፤ ዛሬ ጠዋት ነው የወደቀችው።»

ሐኪሙ ካርዷን ገለጠ። «ከሰባት ወር በፊት ሐሙስ ቀን መጥታ ነበር። ከብብቷ ሥር እብጠት ተገኝቶ፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንድታደርግ ተነግሯታል። ወጪውን ጠይቃ በወረቀት ጻፈችና እመለሳለሁ ብላ ሄደች። አልተመለሰችም። አሁን ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል።»

ሐሙስ። ከዚያች ሰኞ በፊት ያለው ሐሙስ ነው። ሰውየው ይህን ለማስላት እስክሪብቶ አላስፈለገውም።

«አሁን ይሠራላት» አለ። «ገንዘብ አለኝ። ለዚሁ ያስቀመጥኩት ስድሳ ሺህ አለኝ።»

«አሁን የምንሰጣት የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው፣ አባቴ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሰውየው ግን ደጋግሞ ጮኸ፤ ለሐኪሙም፣ ለነርሷም፣ ለገንዘብ ተቀባዩም ስድሳ ሺህ አለኝ አለ። ልጁ ክንዱን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ልብሷን ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ። ልብሱን ሊከትበት ሜትርና መቀስ የምትይዝበትን ቦርሳዋን ሲከፍት አንድ ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አገኘ። የመጋረጃ ትእዛዝ የተጻፈበት ደረሰኝ ነው። ጀርባው በማስመሪያ ተሰምሯል፤ እሱ በሚያሰምርበት መንገድ፣ ቁጥሩ በቀኝ፣ ዝርዝሩ በግራ። ምርመራና ቀዶ ሕክምና፣ ሃምሳ ሁለት ሺህ። መጠባበቂያ አሥራ አምስት በመቶ፣ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ። ድምር ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ። ደብተሩ ላይ ካለው ሲቀነስ የሚቀረው፣ አራት መቶ ሺህ ሁለት መቶ። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈቷ እንዲህ ብላለች፤ «ለጉዞው ይበቃል። ግን መጠባበቂያ አይኖርም። እሱ ያለ መጠባበቂያ አይሄድም። ከዝሆኑ በኋላ እታከማለሁ።»

ልማድ ነውና ድምሩን መረመረ። ስሕተት የለበትም። የሕክምናው ወጪ ከነመጠባበቂያው እሱ በሆዱ ለበሽታ ካስቀመጠው ስድሳ ሺህ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ሁለት መቶም ይተርፋል። ከስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሁለት ሰው በአንድ አልጋ እየተኛ፣ አንዱ ገንዘቡን ሌላው በሽታውን ደብቆ ሰባት ወር አለፈ። አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው፤ እሷንም ማውጣት የነበረበት እሱ ነው። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ይህን ቤት አላየም።

ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ ሄደ። ሁሉንም ሊነግራት ነው። ይቅር ልትለው ትችላለች፤ ልትሰድበውም ትችላለች። ሁለቱም ከዚህ ደረቱ ላይ ከተቀመጠው ነገር ይሻሉታል። በጀቱንም ደብተሩንም ኪሱ ውስጥ ይዟል።

የጠያቂ ሰዓት ነበር። አልጋዋን ከጎረቤት አልጋ የሚለይ አረንጓዴ መጋረጃ ተጋርዷል። ሚስቱ ትራስ ተደግፋ መጋረጃውን ታያለች።

«ይሄን የሰቀለው ሰው መታሰር አለበት» አለችው። «ግማሹ ቀለበት የለውም።»

ጎኗ ተቀመጠ። ልብሱን ያመጣበትን ቦርሳ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ቦርሳዬን ከፈትከው?»

«ከፈትኩት።»

«እንዳትቆጣኝ። ከዝሆኑ በኋላ ይደርሳል ብዬ ነው።»

«አልቆጣም።»

ትንሽ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ መጠባበቂያ ለምን ነበር? አሁን እንኳ ንገረኝ፤ እኔ ለማንም ፎርማን አልናገር።»

የተዘጋጀው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ቀና ብሎ አያት። አንገቷ ቀጥኗል፤ ዓይኗ ግን ያው የድሮው ነው። እውነቱን ቢነግራት ደረቱ ላይ ያለው ሸክም ወደ እሷ ደረት ነው የሚዛወረው፤ እሷ ደግሞ የምትሸከምበት ብዙ ቀን የላትም።

«ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት ነበር» አላት።

«የምን ሌሊት?»

«አምስቱ ሌሊት አልቆ፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ከድንኳኑ ስትወጪ፣ ዛሬም እዚሁ ነን ልልሽ ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆኖባት ውኃ አጠጣት። «አንተ? ድንገት?»

«ድንገት ምን አለው፤ አራት ዓመት አቅጄ ነው እንጂ።»

«እኔ ደግሞ» አለች ብርጭቆውን እየመለሰችለት «አንዳንዴ ለሕመም ይሆን እንዴ ብዬ እጠረጥር ነበር። እንኳን አልሆነ። ቢሆን ኖሮ እንዴት ያንገበግበኝ ነበር።»

ሰውየው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ ጀርባውን ሰጣት። ጊዜ ወሰደበት።

«በል ጻፈው» አለችው። «ስም አውጣለት።»

በጀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከግርጌው «መጠባበቂያ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከጎኑ «ስድስተኛ ሌሊት» ብሎ ጻፈ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጠባበቂያ ስም ሲያወጣ ከፎርማኑ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሱንም ዋሽቶ ነው ያወጣለት። ወረቀቱን አሳያት። ዝርዝሩን ከላይ ጀምራ ቀስ ብላ አነበበችው፤ መግቢያውን፣ ትንሿን አውሮፕላን፣ ለስላሳ ቦርሳዎቹን፣ ሌሊቶቹን።

«አሁን ሞላ?» አለችው።

«ሞላ።»

ግራ እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ሳበችው። ቀለበቶቹ ስለጎደሉ ግማሽ መንገድ ላይ ተያዘ። የቀረውን እሱ ተነሥቶ በእጁ ገለጠላት። ከማዶ ባዶ አልጋ አለ፣ ከአልጋው ባሻገር መስኮት። እስክትተኛ ድረስ ጨርቁን ይዞ ቆመ።