የዳላ ጉሮሮ

መጀመሪያ የሚሰማው የዳላ ሳል ነው። ጀልባዬን ወደ ዳር ሳስጠጋ፣ ቤታችን ገና ከዛፎቹ ጀርባ ሳይታይ፣ «ሃው፣ ሃው» የሚል ደረቅ ድምፅ ከላይ ይወርዳል። ዓሣ ሻጯ ቡዋፋን ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

«አንተ ሴንግ፣ ዛሬም ቡችላችሁን አላበላችኋትም?»

«የወንድሜ ልጅ እኮ ናት፣ አክስቴ።»

«መች ጠፋኝ። የእኔ ውሻ እንኳ እንዲህ አይጮህም ልልህ ነው።»

ክፋት የለባትም፤ ለዳላ ብላ ትንሽ ዓሣ ሳታስቀምጥ አትሄድም። ዳላ ግን ዓሣ መብላት አትችልም። ስትወለድ የምግብ ቧንቧዋ ደረቷ ላይ ሲደርስ ድፍን ነበር፤ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ከአየር ቧንቧዋ ጋር ተጣብቋል። ዋና ከተማው ቪየንቲያን ወስደናት ኦፕራሲዮን አደረጓትና ሁለቱን ጫፎች ገጥመው ሰፏቸው። ሳሉ ከዚያ የተረፈ ነው። የአየር ቧንቧዋ ልል ነው፣ ስታድግ ይጠነክራል አለን ሐኪሙ። እሱን ያሳሰበው ሌላ ነበር፤ የተሰፋው ቦታ ጠባሳ እያወጣ ይጠብባል። በየጊዜው አምጧትና እናሰፋላታለን፣ እስከዚያ ከወተት በቀር ምንም እንዳትቀምስ አለ።

ይህ ነገር ለእናቴ ለኦንቻን አልተዋጠላትም። እኔንም፣ ወንድሜን ቡንታንንም፣ የመንደሩን እኩሌታ ልጅም ያሳደገችው አላምጣ እያጎረሰች ነው። የሚያጣብቀውን ሩዛችንን አድቅቃ ታኝክና በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ፍም ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ሲበርድ በጣቷ ጫፍ ለሕፃኑ ታቀምሳለች። እኛ ዘንድ ልጅ የቤት ሰው የሚሆነው ያን ቀን ነው።

«ወተት ውኃ ነው» አለቻት አንድ ቀን የቡንታንን ሚስት ቪላይን። «እዪ እስቲ ክንዷን። የጫጩት እግር።»

«ሐኪሙ እኮ፣ እማማ...»

«ሐኪሙ ራሱ ልጅ ነው። እናቱ ምን አጉርሳ እንዳሳደገችው ጠይቂልኝ።»

ሁለቱም ሳቁ።

ወደ ሐኪሙ የምትመለስበት ጊዜ የደረሰው ሩዝ በሚተከልበት ሰሞን ነበር። መንገዱም ጭቃ ነው። ተክለን እንወስዳታለን ተባባልን። በመሃሉ ወተቱ በአፍንጫዋ መመለስ ጀመረ። ቪላይ ብርድ መታት አለች። እናቴ፣ ልጅቷ ወተቱን ጠልታው ነው፣ ምግብ አምሯታል አለች። ከሁላችን አንድም ሰው ጠባሳውን አላሰበም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከማሳ ስንመለስ ሳሉ የለም። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዳላን በክንዷ ላይ በሆዷ አስተኝታ ጀርባዋን ትመታለች። የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሯል፤ አረፋ ይወርዳታል።

«ጥፍሬን አታክልም» አለች እናቴ። «የሰጠኋት ሩዝ ጥፍሬን አታክልም።»

በጀልባ፣ ከዚያ በጎረቤት ፒካፕ ቪየንቲያን አደረስናት። ሩዟን አወጧት። ቧንቧው ግን መርፌ እንኳ የማያሳልፍ ሆኖ ነበርና ሊያሰፉት ሲሞክሩ ጠባሳው ተቀደደ። ደረቷ መገለ። ሞተች ስንል ተረፈች። ስትተርፍ ግን የምግብ ቧንቧዋን ከላይ ቆርጠው በአንገቷ ጎን አወጡት፤ ምራቋ በዚያ ይፈሳል። ሆዷ ላይ ወተት የሚገባበት ቱቦ ተደረገላት። ስታድግ እንደገና እንሞክራለን አሉ። ምናልባት አሉ።

ሐኪሙ እኔንና ቡንታንን ገለል አድርጎ፣ «ሩዙን ባትሰጧትም ጠባሳው ቧንቧውን መዝጋቱ አይቀርም ነበር» አለን። ቡንታን ቤት እንደገባን ለእናቴ ነገራት።

«እኔን ለማጽናናት ነው» አለች።

«እውነቴን ነው፣ እማዬ።»

«እሺ።»

ከዚያ ወዲህ ዳላን አልነካችም። ዳላ በምታይበት ቦታም አትበላም፤ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ቪላይ ይህን ስታይ ሰነበተች። በኋላ አንድ ጠዋት ልጇን አምጥታ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«እማማ፣ ዛሬ ማሳ ልሄድ ነው። እርስዎ ያብሏት።»

«ሴንግ ያብላት።»

«ሴንግ? እሱ ወተት ሲቀዳ ሐሳብ ይዞት ይሄዳል፤ ወለሉን ነው የሚያጠጣው።»

የእናቴ ከንፈር ፈገግ ሊል ዳዳው፤ ተመልሶ ተከደነ።

«እጄን አላምነውም፣ ልጄ።»

«እኔ አምነዋለሁ።»

ቪላይ አሳየቻት። ሲሪንጁ ያለ መግፊያው ቱቦው ጫፍ ላይ ይሰካል፤ ከፍ አድርገው ይዘው ወተቱን ጠብ ጠብ ማድረግ ነው፤ ራሱ ይወርዳል። እናቴ ያዘችው። ወተቱ ቀስ እያለ ወረደ። ዳላ ሆዷ ሲሞላ አፏ ባዶውን ይጠባ ጀመር።

«ትንሽ በጣትዎ ያቅምሷት» አለች ቪላይ። «ሐኪሙ ፈቅዷል፤ ጣዕሙን እንዳትረሳ ብሎ። ወደ ሆዷ አይሄድም።»

እናቴ ብዙ አመነታች። ከዚያ ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነክራ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት። ዳላ የአያቷን ጣት በሁለት እጇ ያዘች። ጠባችው፣ ዓይኗን ጨፍና ጠባችው፤ ስትጨርስ አያቷን አይታ ሳቀች። ወዲያው አንገቷ ላይ የታሰረው ጨርቅ ረጠበ። የቀመሰችው ሁሉ በዚያ ወጣ።

እናቴ እርጥቡን ጨርቅ ፈታ በንጹሕ ተካችው። አንገቷን በእጇ ጀርባ አበሰችላት። ሲሪንጁን አጥባ ሰቀለች። አንድም አላጎደለችም።

«አዩ፣ እማማ?» አለች ቪላይ፤ ደስ ብሏት ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። «አየህ ሴንግ?»

እናቴ ግን ዓይኗን ከእርጥቡ ጨርቅ ሳትነቅል ልጅቷን ለቪላይ መልሳ አስታቀፈቻት። ሻሿን ከምሰሶው አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ደረጃውን ወረደች።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

በማሳዎቹ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ሄደች።