የኤልደርጊል ቤት የሰሜን ግድግዳ

ድንጋይ ጠራቢው ጊዲዮን ታክሬ በሰባ ዓመቱ ቀና ብሎ ለማየት የሚያፍረው አንድ ግድግዳ ነበር። አራት መቶ ዓመት የቆመውን የኤልደርጊልን ቤት የሰሜን ግድግዳ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በየድንጋዩ መጋጠሚያ ሲሚንቶ ያጎረሰው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራ ነበር። ኖራ ይተነፍሳል፤ የሰሜን እንግሊዟ ዮርክሽር ዝናብ ወደ ግድግዳው ቢሰርግ በኖራው በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን የገባውን ውሃ አፍኖ ይይዛል። ጊዲዮን ይህን ከአባቱ ሰምቶ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ቅርስ ክፍል ግን «በሲሚንቶ ይሠራ» ብሎ ጻፈ፣ እሱም ዝም ብሎ ሠራ። አላዋቂነት ማኅተም ካረፈበት ትእዛዝ ይሆናል፤ ማኅተም የሌለው እውቀት የሽማግሌ ወሬ ተብሎ ይቀራል።

አሁን የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኢንችቦልድ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የሌሎቹ ክፍሎች ጣሪያ ስለሚያፈስ አልጋቸው ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ሻጋታው ከትራሳቸው በላይ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። ሐኪሙ ሳንባዎ ሌላ የብርድ ወራት እዚህ አይችልም ብሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከቤቴ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው ብለዋል።

«ይኸው ያልበዋል» አሉ ግድግዳውን በምርኩዛቸው እየነኩ። «ሥራ የሚሠራ ይመስል።»

«ሲሚንቶውን ላውጣው፣ እመቤቴ። በኖራ ልመልሰው።»

«ስታስገባውም እንዲህ አሳምረህ ነበር የነገርከኝ። ሻይ ሁሉ አፍልቼልሃለሁ።»

በመስከረም መጀመሪያ ሚስተር ፔል የተባለ ወጣት ከቅርስ ክፍል መጣ። ግድግዳውን ከውጭ አየና ፈቃድ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፣ መጀመሪያም መሐንዲስ ውስጡን መመርመር አለበት አለ።

«ስምንት ሳምንት ማለት ኅዳር ነው» አለ ጊዲዮን። «ውርጭ የመታው ኖራ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።»

«እንግዲያው በሚያዝያ ይጀምሩ።»

«እስከ ሚያዝያ ወይዘሮዋ በምን ይተንፍሱ?»

«እኔ የመጣሁት ለሕንፃው ነው፣ ሚስተር ታክሬ።»

«ሲሚንቶውን ያዘዘው የእናንተ ቢሮ ነው።»

«ያኔ እኔ አልተወለድኩም።»

«ቢሮው ግን ተወልዶ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ጊዲዮን መሮና መዶሻ ይዞ ያለ ፈቃድ ጀመረ። ሲሚንቶው ብቻውን አልመጣም። ቁስል ላይ እንደ ደረቀ ጨርቅ የድንጋዩን ፊት ገሽልጦ ይዞ መጣ፤ ከኋላው እርጥብ አሸዋ ታየ። ያኔ ገባው። ድንጋዩ ከውስጥ በስብሷል፤ ግድግዳውን አቁሞ የያዘው ያው ድንጋዩን የበላው ሲሚንቶ ነው። እዚህ ላይ ማንም ልባም ግንበኛ መሮውን አስቀምጦ ግድግዳውን በግንድ ይደግፋል፣ መሐንዲስም ይጠራል። መሐንዲስ መጥራት ግን ለፔል እጅ መስጠት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ወይዘሮዋ ይስላሉ። አንድ ረድፍ ብቻ ልጨምር አለ። በማግስቱም አንድ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ከተቀደደ ጆንያ እህል ሲፈስ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል። ሮጦ ገባና ወይዘሮዋን ከነብርድ ልብሳቸው ተሸክሞ ወደ ደጅ ሮጠ። ደጃፉን ሳይሻገሩ የሰሜኑ ግድግዳ አልጋው ላይ ተናደ፤ የጣሪያው ወራጅም ተከተለው።

ወይዘሮዋን የጎረቤት መኪና ወደ ከተማው የአረጋውያን መጦሪያ ሊወስዳቸው መጣ። ገብተው ተቀመጡና የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረጉ።

«ቤቴን ሁለት ጊዜ ገደልከው፣ ጊዲዮን።»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ሁለቱንም ጊዜ ለእኔ ብለህ። እሱ ነው የሚያናድደኝ።»

መኪናው ሄደ። እሳቸው ወደ ቤቱ ዞረው አላዩም።

ፔል በማግስቱ ፍርስራሹን ፎቶ አነሳና ቅጽ አቀረበ። ጊዲዮን በጥፋት ፈጻሚው ቦታ ስሙን ጻፈ። በቀኑ ቦታ ሲሚንቶውን የሠራበትን የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ግንቦት ጻፈ።

«የዚህን ሳምንት ቀን ነው የምፈልገው» አለ ፔል።

«ቅጹ የሚጠይቀው ጥፋቱ መቼ ተፈጸመ ብሎ ነው።» ከስሙ ሥር አንድ መስመር ባዶ ትቶ ወረቀቱንና ብዕሩን ዘረጋለት። «እዚህ ላይ ደግሞ የቢሮህን ስም ጻፍ።»

ፔል ባዶውን መስመር አየ። ከዚያ ብዕሩን ተቀብሎ ክዳኑን ገጠመና ኪሱ ከተተው።