ከወረቀት ነፃ የወጣው መጽሔት

ዶክተር መሳፍንት ቢሾፍቱ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ የወረቀትን መሞት ይዘውልን መጡ። ደብረ ማርቆስ ባለው ኮሌጃችን የምርምር ዳይሬክተር ናቸው። ኮሌጁ ሃያ ዓመት ያህል በዓመት ሁለቴ አንድ የጥናት መጽሔት ሲያሳትም ኖሯል። ከእንግዲህ ግን በኢንተርኔት ብቻ ይወጣል፤ ሲያዘገየን የኖረው ማተሚያ ቤት ነው፤ አሁን ዓለም በሙሉ ያነበናል አሉ። ዓለም ይህን ሲጠብቅ እንደኖረ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ድረ ገጹ የተመረቀ ዕለት አዳራሹ ውስጥ «ከወረቀት ነፃ» የሚል ባነር ተሰቀለ። የወረቀትን መቅረት የሚያበሥር ባለ አሥራ ስድስት ገጽ ብሮሹር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ ለእንግዶች ታደለ። ላፕቶፕ ላይ የታሰረ ሪባን ተቆረጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽሑፍ ስትሰበስብ፣ ስታርምና ማተሚያ ቤት ስትመላለስ የኖረችው የመጽሔቱ ጸሐፊ የኔአለም ከኋላ ተቀምጣ አጨበጨበች። ያላጨበጨበ ሰው ለውጥ ጠል ይባላል።

በሳምንቱ የኔታ ገብረ ሚካኤል ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው። መምህራቸው የተቀኟቸውንና የትም ያልተጻፉትን ቅኔዎች አርባ ዓመት በቃላቸው ይዘው ኖረው፣ በስተርጅና ጽፈው ለመጽሔቱ ሰጥተው ነበር። የመጡት የድርሻቸውን ቅጂ ሊወስዱ ነው። ዳይሬክተሩ በአክብሮት ተቀበሏቸውና የድረ ገጹን አድራሻ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጧቸው። የኔታ ቁራጯን ገልብጠው ጀርባዋንም አዩ።

የኔአለም አፈረች። ለምሳ ሁሉም ሲወጣ የእትሙን መቶ አርባ ገጽ በሙሉ በቢሮው ፕሪንተር አወጣች፤ በመርፌና በክር ሰፍታ፣ በካርቶን ለብጣ፣ መናኸሪያ ድረስ ወስዳ ሰጠቻቸው። ለማንም እንዳይናገሩም ለመነቻቸው። ከወረቀት ነፃ በወጣ ኮሌጅ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ከዚያ ዓመት ተኩል አለፈ። ማተሚያ ቤት የማያዘገየው መጽሔት ሁለተኛውን የኢንተርኔት እትም ገና አላወጣም ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች መጡና መጽሔቱን እንይ አሉ። ዶክተር መሳፍንት በፕሮጀክተር ድረ ገጹን ከፈቱ። የእግር ኳስ ውርርድ ማስታወቂያ ወጣ። ዘግተው ቢከፍቱት «ዛሬውኑ ይመዝገቡ» አላቸው። ለካ አድራሻው በየዓመቱ መታደስ ነበረበት፤ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ካገር ወጥቷል፤ የሚያድሰው ሲታጣ አወራራጆች ወስደውታል። ጽሑፎቹ የነበሩበት የኔአለም ኮምፒውተር ደግሞ፣ አሮጌ ነው ተብሎ በዲጂታል ሽግግሩ ሰሞን ከነፋይሉ ተወግዷል። ገምጋሚዎቹ እስከ ነገ ከሰዓት እንጠብቃለን አሉ።

ዳይሬክተሩ የኔአለምን ቢሯቸው ጠርተው ቅጂ እንዳላት ጠየቋት። መልሱን መናገር ጥፋቷን ማመን ነበር።

«አንድ አለ» አለች። «በወረቀት።»

ማን ፈቅዶ ታተመ ብለው መቆጣት ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ በኮሌጁ መኪና ደብረ ወርቅ ገቡ። የኔታ ጥራዙን ከሣጥን አወጡት፤ ይዛችሁት አትሄዱም ግን አሉ።

«እናንተ ዘንድ የገባው አልወጣም» አሏቸው። «የሚያደርጉትን እዚሁ ያድርጉት።»

ስለዚህ ወረቀትን የቀበሩት ዶክተር መሳፍንት ደጅ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው መቶ አርባ ገጽ አንድ በአንድ በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ነፋስ እንዳይገልጠው የኔአለም ጠርዙን ያዘችላቸው። ቅኔዎቹ ዘንድ ሲደርሱ የኔታ ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩና ይህችን ይድገሟት፣ ደብዝዛለች አሉ። የኔአለም ያን ቀን በምሳ ሰዓት እሷም ለምሳ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ብላ አሰበች።

ፎቶዎቹ በችኮላ በአዲስ አድራሻ ተጫኑ። ገምጋሚዎቹ አይተው ኮሌጁን በዲጂታል ሽግግር አርአያ ነው ብለው ጻፉ። ዳይሬክተሩ ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ሁለት ቦታ ተጋበዙ። የኔአለም አልተቀጣችም፤ እንዲያውም ከእያንዳንዱ እትም ሁለት ቅጂ «ለጥንቃቄ» በወረቀት እንዲወጣ የሚል ደብዳቤ ተፈርሞ ደረሳት።

በችኮላው፣ ዳይሬክተሩ ገጽ ሲቆጥሩ፣ ገምጋሚዎቹም ድረ ገጹ መከፈቱን ብቻ ሲያዩ፣ ማንም ያላስተዋለው አንድ ነገር ነበር። የኔታ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ማረም ልማዳቸው ነውና ጥራዙን በቀይ ብዕር አርመውታል። በሌሎቹ ጽሑፎች ላይ ጥቂት ፊደል ነው የነኩት። የዳይሬክተሩ መቅድም ግን ከላይ እስከ ታች ቀልቷል፤ ከመጨረሻው፣ ዘጠኝ መስመር ከሚረዝመው ዓረፍተ ነገር ሥር «ይህ ባለቤት የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ዓለም በሙሉ ባያነበውም ኋላ ኮሌጁ በሙሉ አነበበው።

የኔአለም ስልክ ደውላ ይህን ስትነግራቸው የኔታ አልሳቁም። ለዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ተገኘለት ወይ ብለው ብቻ ጠየቋት።