ፀጉር አለው

ልብስ ሰፊዋ አልትራሳውንድ ክፍል የገባችው የአንድ ጥያቄ መልስ ልትሰማ ነበር። የቀኝ እንቁላል ማምረቻዋ ከስድስት ዓመት በፊት በቀዶ ጥገና ወጥቷል። አሁን ደግሞ በቀረው በግራው ላይ ብርቱካን የሚያህል እጢ በቅሎበታል። ቀዶ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯታል፤ ምርመራው እጢው ካንሰር እንደሚመስል ካሳየ ማህፀኗን ጨምሮ ሁሉንም ያወጣዋል፤ ካልመሰለ እጢውን ብቻ ፈልፍሎ ማምረቻውን ይተውላታል።

ልጅ የላትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቃለች። የትልቅ ሰው ቀሚስ ስትለካና ስትቀድ ትውላለች፤ የሕፃን ልብስ የሚያሰፋ ሲመጣ ግን ወደ ጎረቤት ስፌት ቤት ትመራዋለች። ደንበኞቿ ኮራች ብለው ያሟታል። ምን ኩራት አላት! ያቺን ትንሽ እጅጌ ስትገለብጥ ሆዷ ስለሚባባባት ነው።

ባሏ ሆስፒታል ሲገባ የሚርበተበት ሰው ስለሆነ ኮሪደር ላይ ቀርቷል። ታላቅ እህቷ ግን አብራት ገብታ ራስጌዋ ቆማለች፤ አፏም አላረፈም።

“ፊትሽን ፈታ አድርጊው እንጂ! ሰው ሞተ እንዴ?”

ሐኪሟ ያየችውን ጮክ ብላ እየተናገረች ነው የምትሠራው፤ ነርሷ ጥግ ተቀምጣ እየሰማች ቅጽ ትሞላለች። ለእነሱ ቀልጣፋ ዘዴ ነው። ለተኛችው ሴት ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የራስን ፍርድ ከሰው ወሬ መሃል መልቀም ነው።

“ግራ። ስድስት ተኩል ሴንቲ ሜትር” አለች ሐኪሟ፣ ቅባት በተቀባው ሆድ ላይ መሣሪያውን እያንሸራተተች። “ጠርዙ ለስላሳ። በዙሪያው ውሃ የለም። ፀጉር አለው።”

“ፀጉር” አለች ነርሷ እየጻፈች።

“ብዙ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ጥላ የጣለው… ጥርስ ነው። አንድ ጥርስ።”

ልብስ ሰፊዋ የወር አበባዋ ባለፈው ሳምንት እንደመጣ ታውቃለች። ጥርስ አብቅሎ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ እንደሌለም ታውቃለች። ግን ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው የሚያውቀውን ለመርሳት አንድ አፍታ ይበቃዋል። እጇ ሳታዘው ሄዶ ቅባቱ ላይ አረፈ።

“ዶክተር፣ በሕይወት አለ?”

የነርሷ እስክሪብቶ ቆመ። ያቺ አፏ የማያርፍ እህት እንኳ አንገቷን ደፋች።

ሐኪሟ ወዲያው ገባት። ፊቷ በሐፍረት ቀላ፤ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

“ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፤ ቀድሜ ለአንቺ መንገር ነበረብኝ። ልጅ አይደለም። አንዳንዴ እንቁላል የሚሆነው ነገር ሳይረገዝ በራሱ ጊዜ ማደግ ይጀምርና ፀጉርም፣ ስብም፣ ጥርስም ያወጣል። ልጅ ግን መሆን አይችልም።” ቁልፍ ተጫነች። “አሁን የሚሄድ ደም ካለ በቀለም ይታያል። እይው፤ እጢው ውስጥ ምንም ቀለም የለም። ካንሰር ብዙ ጊዜ ደም ይስባል። የማየው ሁሉ ክፉው ዓይነት እንዳልሆነ ነው የሚነግረኝ። የመጨረሻውን ቃል ከወጣ በኋላ ላቦራቶሪ ይናገራል፤ እኔ ግን ለቀዶ ሐኪሙ ‘ማምረቻው አይነካ’ ብዬ ነው የምጽፍለት።”

እህትየው እልል ልትል ቃጥቷት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። “ሰማሽ አንቺ? አይነካ አለች! ገና ትወልጃለሽ! ቆይ ለባልሽ ልንገረው፣ ሳይወድቅብን።”

ልብስ ሰፊዋ ሰምታለች። ደስ ብሏታል፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል እየወረደ ትራሱን እስኪያርሰው ድረስ ደስ ብሏታል። ነርሷ ሆዷን የምትጠርግበት ወረቀት አቀበለቻት። እሷ ግን ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ስክሪኑ ዞራ ቀረች።

“ዶክተር፣ ሲወጣ ፀጉሩን ማየት ይቻላል?”

“ኧረ በስመ አብ! ምን ያደርግልሻል?” አለች እህቷ ከበሩ ተመልሳ።

“እኔን ይመስል እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።”