ቆመው የከረሙት ወይኖች

"እነዚህን ማን አቆማቸው?" አለ የሆቴሉ ወይን ጠባቂ፣ ባትሪውን ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ እያዞረ።

"እኔ ነኛ ጋሼ" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ። "እርስዎ በጉንፋን የተኙ ጊዜ። ሁሉም ተጋድመው ሳገኛቸው የወደቁ መስሎኝ አሳዘኑኝ። አንድ በአንድ ጠራርጌ አቆምኳቸው።"

ያ ጉንፋን ሁለት ዓመት አልፎታል። አሥራ ሁለቱ የፈረንሳይ ቀይ ወይኖች ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዘበኛ ቆመዋል ማለት ነው። ወይን የሚጋደመው ቡሹ እንዲርስ ነው፤ ቡሹ ከደረቀ አየር ይገባል፣ አየር ከገባ ወይኑ ይኮመጥጣል። ጠባቂውን ላብ አጠመቀው።

እሱስ ሁለት ዓመት የት ከረመ? እዚሁ ምድር ቤት። ወደዚህ ጥግ ግን ዝር አላለም። ሆቴሉ በሙሉ "አፍንጫው" ይለዋል። የታሸገ ጠርሙስ አሽትቶ፣ ወይኑን የለቀመችው ሴትዮ ባለትዳር ትሁን ፈት እናገራለሁ እያለ እንግዳ ሲያስቅ ኖሯል። ጉንፋኑ ለቆት ሲሄድ ማሽተቱንም ይዞበት ሄደ። ዛሬ ሳሙና ከሽንኩርት አይለይም። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ርካሹን ወይን በወሬ ይሸጠዋል፤ ይኼ የፈረንሳዩ ግን በወሬ የሚሸጥ አይደለም። የሆቴሉ ባለቤት ደግሞ ዛሬ ምሳ ላይ ለልጃቸው አማቾች ሊከፍቱት ነው።

አንዱን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ቀዳ፣ አዟዟረ፣ አሸተተ። ምንም የለም።

"ምነው ጋሼ ፊትዎ አመድ መሰለ?"

"እስቲ አሽቺው።"

"እኔ መጠጥ አልቀምስም።"

"አሽቺ እንጂ ጠጪ መቼ አልኩሽ?"

አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። "ሰላጣ ላይ የሚደረገውን ኮምጣጤ ነው የሚሸተው።"

ሁለተኛውን ከፈተ። እሷ ይህን ስታሸት ቆየች። "ይኼስ የአባቴን የቆዳ ጃኬት መሰለኝ። ዝናብ ሲመታው እንዲህ ነበር የሚሸተው።"

ጠባቂው ደነገጠ። እድሜ የጠገበ ወይን ልክ እንደዚያ ነው የሚሸተው፤ አፍንጫው ደህና ሳለ ያውቀዋል።

በዚህ መሃል የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ደረጃውን ወረዱ። "አፍንጫው፣ ቀመስክልኝ?" አሉና የተፈረፈረውን ቡሽ አዩ። "ምንድን ነው ይኼ? ደሞ ጠርሙሶቹን ማን ነው ያቆማቸው?"

የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ለጠባቂው ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰናድቶለታል፤ ባለፈው ወር መሬት ሲንቀጠቀጥ ተጋድመው የነበሩት ሁሉ ብድግ አሉ ሊል ነበር። እትዬ እንዲህ ያለውን ይወዱለታል።

"ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ" አለ። "ማሽተት ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ይህን ጥግ ያላየሁትም ፈርቼ ነው።"

እትዬ ከት ብለው ሳቁ። "ደሞ ጀመረህ? አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?"

መውጫው ይኸው ተከፈተለት። አብሯቸው ቢስቅ፣ ጃኬት ጃኬት የሚሸተውን ጠርሙስ ወደ ላይ ቢልክ፣ እስከ ማታ ማንም አይነቃበትም።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሳና ሰጣቸው። "እሷ ባታሸትልኝ ይኼን ደህና ነው ልልዎ ነበር።"

እትዬ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

አፍንጫው ሦስተኛውን ጠርሙስ ከፈተ፣ ቀዳና ብርጭቆውን ለጽዳት ሠራተኛዋ አቀበላት።