የከተማዋ መሃል ሰባት ቁጥር ክፍል ነው

ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ሦስት ቀን ልትዘጋ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ማን ሞቶባት ነው ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሞተባትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ሳትነቃነቅ የሰው ሙሽራ ስታለብስ ኖራ፣ አሁን ለራሷ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍታ፣ የባሏን ክንድ ይዛ በትልቁ ከተማ ዋና ጎዳና ላይ ወዲያ ወዲህ ልትል ነው። በቃ፣ ምኞቷ ይኸው ነው። በዝቷል የሚል ካለ እስቲ ይናገር!

"ሆቴሉን አንተ ፈልግ" አለችው ባሏን። "ርካሽ ይሁን፣ መሃል ከተማ ይሁን፣ ሌላ ነገር አልልህም።"

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ባሏ የመሬት ቀያሽ ነዋ! ለቀያሽ "መሃል" የሚባል ቃል እንዲሁ ጣል አድርገውለት አይሄዱም።

ሰውዬው አምስት ሳምንት ስልክ ሲደውል ከረመ። ሁሉም ሆቴል መሃል ከተማ ነኝ ይላል። "የምኑ መሃል?" ይላል እሱ። አንዷ ምስኪን እንግዳ ተቀባይ "ለሁሉም ነገር ቅርብ ነን ጌታዬ" ብትለው ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስተማራት። ስልኩን የዘጋችው እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እስካሁን አልታወቀም። "አሥራ ሰባት ሆቴል እንዴት አንድ መሃል ላይ ይቆማል? ውሸታም ሁላ!" እያለ ራቱን ሳይበላ መተኛት ጀመረ።

አንድ ቀን ግን መላው ተገለጠለት። የከተማዋን ካርታ ካርቶን ላይ ለጠፈና ወሰኗን ተከትሎ ዙሪያውን ቆረጠው፤ ያውም በሚስቱ የጨርቅ መቀስ። ጫፉን በመርፌ ወግቶ ግድግዳ ላይ አንጠለጠለው፣ ከመርፌው ላይ ድንጋይ የታሰረበት ክር ለቀቀ፣ ክሩ ያለፈበትን አሰመረ። በሌላ ጫፍ ደገመው፣ በሦስተኛም። ሦስቱ መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ። ካርቶኑን ነጥቡ ላይ በጣቱ ቢደግፈው ወዲህም ወዲያም ሳይል ቀጥ አለ።

"ይኸውልሽ! ከተማዋ ሚዛኗን የምትጠብቀው እዚህች ጋ ነው!" ሲል እንባው መጣ። የእግዜር ሥራ ሆኖ ነጥቧ ላይ ደግሞ ሆቴል አለ፤ ዋጋው የሌሎቹ ሲሶ ነው። ሚስቲቱ ርካሽ መሆኑን ሰምታ ዝም አለች። ምነው ዝም ባላለች!

ያላወቀችው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከተማዋን በምሥራቅ በኩል ለጥጦ ለጥጦ የውሃ ግድቡንም ጫካውንም ወሰኗ ውስጥ አስገብቷል። ካርቶን ደግሞ ሰው ያለበትንና የሌለበትን መሬት አይለይም።

ከአውቶቡስ ወርደው የተሳፈሩበት ታክሲ አስፋልቱን ጨረሰ፣ ኮረኮንቹን ጨረሰ፣ አቧራ ውስጥ ገባ። "እህቴ፣ እርግጠኛ ናችሁ?" አለ ሹፌሩ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ የጎመን ማሳ ውስጥ ብቻውን የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ደጃፍ አወረዳቸውና፣ ሁለተኛ እዚህ ብመጣ ብሎ ምሎ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ከነማንጠልጠያው ይዛ ዙሪያውን ቃኘች። በግራ ጎመን፣ በቀኝ ጎመን።

"አንተ ሰውዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ከተማው የታለ?"

"መሃሉ ላይ ቆመሽ ትጠይቂኛለሽ?" አላት ፊቱ በደስታ እየበራ።

ባለ ሆቴሉ ሽማግሌ እየሮጡ ወጡ። እንግዳ ካዩ ወር አልፏቸዋል። ቀያሹ ካርቶኑን አውጥቶ ነገሩን ሲያስረዳቸው ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ታፔላዬ ላይ 'መሃል ሆቴል' ብዬ ብጽፍ አበደ ሲሉኝ ኖሩ! ሚስቴ እንኳ ማበዴን አምና ነው የሞተችው!" ብለው አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። እሱም አለቀሰ። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኑ ለክቶ የተመሰገነው ያን ቀን ነው፤ ሌላ ጊዜ ትርፉ ድንበር ከሚለካላቸው ከሁለቱም ጎረቤት ስድብ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በመለካት አለቀ። ትክክለኛው መሃል ሰባት ቁጥር ክፍል፣ ከአልጋው ሥር፣ ወደ ራስጌው ሆኖ ተገኘ። ሰባት ቁጥር የነሱ ክፍል ነው። አልጋው ተነሥቶ ወደ ጥግ ተገፋ፣ ወለሉ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀባ። "ነገ ከተማ እንሄዳለን" አላት።

በማግስቱ የአካባቢው ሰው መሃሉን ሊያይ ተሰልፎ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ገና ፀጉሯን አላበጠረችም። አንዲት አሮጊት ነጥቡ ላይ ቆመው ዐይናቸውን ጨፈኑና "ይሰማል!" አሉ። ምን እንደሚሰማ አልተናገሩም፤ ከሳቸው በኋላ የቆመ ሁሉ ግን ይሰማኛል አለ። ከሰዓት የአካባቢው ሹም ማኅተማቸውን ይዘው መጡ። ገብተው ክፍሉን ቃኙና ወደ እሷ ዞረው "እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፣ መሃሉን ጋረዱት" አሏት። ነገ በአምስት ሰዓት ሪባን ይቆረጣል፣ ቀያሹም ንግግር ያደርጋል ተባለ።

ደሟ ፈላ። ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀችና ተነሣችበት።

"ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤታችን የሚወስደን አውቶቡስ ይነሣል። ከዚህ ወደ ከተማ የሚገባው ደግሞ አንድ ነው፣ በአራት ሰዓት። ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ?"

"ንግግሬስ?"

"እኔስ?"

ዐይኑ ወደ ቀዩ ነጥብ ሲሸሽ አየችው። በትዳሯ ያን ያህል ከፍቷት አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ብቻዋን ሄደች። ዋናው ጎዳና ካሰበችውም በላይ ያምራል። ሁለት ሴቶች አስቁመው ቀሚሱን ማን ሰፋልሽ አሏት። "እኔው" አለች፤ ክንዱን የምትይዘው ባሏ ግን አጠገቧ የለም። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

"የት ነሽ?"

"መሃል ከተማ።"

"ከመሃሉ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቀሽ ማለት ነው።"

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ደግማም አላነሣችለትም።

አሥር ሰዓት አለፍ ሲል፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የአውቶቡሷን ሰዓት ስትጠብቅ፣ አንድ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ የለበሰ ሰው እያነከሰ መጣ። አላወቀችውም ነበር፣ እውነቴን ነው። ጠጋ ሲል ባሏ ሆነ።

"በምን መጣህ?"

"በእግሬ።"

"ንግግርህስ?"

"'ይኸው መሃሉ' ብዬ ጀመርኩ። ሰው አጨበጨበ። 'አየሽ?' ልልሽ ዞር ብል የለሽም። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ። ቆሜ ቀረሁ።"

"ታዲያ በስልክ ያልከኝ ምንድን ነው?"

"አፌ ነው" አላት። "ሌላ ነገር ልልሽ ነበር የደወልኩት።"

ልትሰድበው የአምስት ሳምንት ስድብ አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱም አልወጣ አላት። አውቶቡሱ ሊነሣ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል። ጎዳናውን እንሂድ ብሎ ሊነሣ ሞከረ፣ እግሩ ተልጦ ኖሮ እዚያው ተመልሶ ቁጭ አለ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፣ ገና አላለችውምም። ጎንበስ ብላ የጫማውን ማሰሪያ ፈታችለት፣ እሱም በዚያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።