ወንድሜ ቃል ያጣ ጊዜ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የምነግራችሁ የራሴን ጥፋት ስለሆነ ድምፄን ከፍ አላደርግም።

ታናሽ ወንድሜ በልብስ ስፌት ቤታችን ቆራጭ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ እኔና ባለቤቱ እንሰፋለን። ወሬው አያልቅም ነበርና ደንበኞች «ሬዲዮ» ይሉት ነበር። ያ ሰው ቀስ በቀስ ዝም አለ። መቀስ ለመጠየቅ «ያንን... ያንን» ይልና እጁ አየር ላይ ይቀራል። የልብሱን ልክ ሦስቴ ነግሬው ለአራተኛ ጊዜ ይጠይቀኛል።

«ምነው ሬዲዮ፣ ባትሪህ አለቀ?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ሳይደርስ ይመለሳል።

አንድ ቀን ለአንድ መምህር ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጠ። ትርፍ ጨርቅ አልነበረንም። ባለቤቱ አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ ጭንቅላቱ ተነካ መሰለኝ። ሌላ ቆራጭ እንፈልግ» አለችኝ። እሱ እዚያው ቆሞ ይሰማል። ከመቁረጫው ጠረጴዛ አንዴ ከተነሣ ተመልሶ እንደማይቆም ገባኝና በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለችው።

«አይተኛም» አልኳት እኔ።

«ምግብስ?»

«ለአመል ያህል ነው።»

«ምን ይሰማዎታል?»

«ኧረ እሱን ምንም አያመውም፣ ዝም ብሎ ነው እንጂ...»

«እማማ» አለችኝ ሳቅ ብላ፣ «የታመሙት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

አፈርኩ። አፌን በመዳፌ ያዝኩ። ልመልስለት አፌን እየበላኝ እንደምንም ቻልኩት። ወንድሜ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ብዙ ቆየና፣

«ያማል» አለ። «እዚህ ጋ ነው የማልለው... ሁሌ ያማል። ቃል ስፈልግ ሕመሙ መንገዱን ይዘጋብኛል። እትዬ ስትጠይቀኝ መልሱን ይዤ እየመጣሁ... ትቀድመኛለች። ያኔ ይጠፋኛል።»

ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ ይህ ነበር።

«አእምሮዎ አልጠፋም» አለችው ሐኪሟ። «ድባቴ ነው። የውስጥ ሕመም ሐሳብን ሰቅዞ ሲይዝ፣ ለማሰቢያም ለመናገሪያም የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው።» መድኃኒት አዘዘችለት፣ ቀጠሮ ሰጠችን። ነገ ይድናሉ ብላ ግን አልሸነገለችንም።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ አላነሣነውም። አንድ ልክ እነግረዋለሁ፣ በጠመኔው እስኪያሰምር እቆያለሁ፤ ከዚያ ሌላውን። አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አንድ ሱሪ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ከአልጋው አይነሣም፤ ባለቤቱ ታለቅሳለች፣ እኔም የምገባበት ይጠፋኛል። አልዋሻችሁም፣ ገና አልዳነም።

እናንተ ግን ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ጠይቃችሁ መልሱ ሲዘገይባችሁ፣ እባካችሁ እኔን አስታውሱና ትንሽ ቆዩለት።